ስለ ስንቅና ስለ ጓዝ

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የእኅቴ ልጅ ከለንደን መጥታ አሥራ ሁለት ቀን በቤታችን ተቀመጠች። የመጣችው ከእኛ ዘንድ ልትሰነብት አልነበረም፤ ወደ አውስትራልያ ለመሄድ ተነሥታ በመንገዷ አያቷን ልትሰናበት ነው። ዕድሜዋ 24 ነው፤ ትምህርቷን ጨርሳ አንድ ዓመት በቢሮ ሠርታለች። ከሰው አንደበት ስትሰማው ነገሩ ለእናቴ ፈጽሞ ሊገባት አልቻለም። «ሥራ ከሆነ ሥራ ነው፥ ዕረፍትም ከሆነ ዕረፍት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሻንጣ እንዴት ይታሰራሉ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ለእናንተም ለወጣቶቹ አንባቢዎቼ ነገሩን ላስረዳ። የአውስትራልያ መንግሥት ከአንዳንድ አገሮች ጋር ስምምነት አድርጎ የእነዚያ አገሮች ወጣቶች አገሩን እየዞሩ እንዲያዩ፥ ለጉዟቸውም የሚሆነውን ገንዘብ በዚያው እየሠሩ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ «ወርኪንግ ሆሊደይ» ይባላል፤ የተጀመረውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ነው። ለብዙዎቹ አገሮች ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ሲሆን የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ግን እስከ 35 ዓመቱ ድረስ መጠየቅ ይችላል። ጠያቂው ከትኬቱ ሌላ ወደ 5,000 የአውስትራልያ ዶላር የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ያሳያል፤ ከደረሰም በኋላ ያለ ልዩ ፈቃድ በአንድ አሠሪ ዘንድ ከስድስት ወር በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። ኢትዮጵያ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለችም። የእኅቴ ልጅ የምትሄደው በለንደን ተወልዳ የእንግሊዝ ዜግነት ስላላት ነው፤ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፥ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያሰበችውም በመጀመሪያ ሜልቦርን ወርዳ፥ ከዚያ ወደ ታዝማኒያ ደሴት ተሻግራ፥ ቼሪ የሚባለውን ፍሬ ለመልቀም ነበር። በዚያ አገር ሙቀቱ የሚበረታው ከእኛ ኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት ነው፤ ቼሪውም በታኅሣሥና በጥር ይደርሳል።

እኔ ስለ ጓዝ አበጃጀት የተማርሁት በልጅነቴ ነው። በ1964 ዓ.ም. አባቴ ወደ ሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ አንዲት ወረቀት ተሰጠችው። ሁለት ሸሚዝ፥ ሁለት ቁምጣ፥ አንድ ብርድ ልብስ፥ አንድ ፎጣ፥ ሁለት የልብስ ሳሙና፥ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ትላለች። አባቴም ከመርካቶ የቆርቆሮ ሣጥን ገዛልኝ፤ ስሜንም በነጭ ቀለም አጻፈበት። በገባንበት ቀን ሣጥኖቻችንን በመኝታ ቤቱ ፊት በሰልፍ ደረደርን፤ የአዳሪ ቤቱ ኀላፊ የነበሩት ሴት ወረቀታቸውን ይዘው አንድ በአንድ ተመለከቱ። ሣጥኑን ከማስከፈታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፤ «በዚህ ውስጥ በወረቀቱ ያልተጻፈ ነገር አለ?» ይላሉ። እናቴ ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ከረጢት ቆሎ ከትታልኝ ነበር። እኔም «የለም» አልሁ። ቆሎው ተገኘ። ሴትዮዋ አልመቱኝም፤ ከረጢቱን ፈትተው በመኝታ ቤቱ ላለነው ልጆች ሁሉ አካፈሉት፥ ለእኔም እንደ ማንኛቸውም አንድ እፍኝ ደረሰኝ። ስለ ቆሎው ብዙ አላዘንሁም፤ «የለም» ማለቴን ግን ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም። ይሁን እንጂ አንድን ነገር አለመርሳትና ከነገሩ መማር የተለያዩ መሆናቸውን እዚሁ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ልጅቱ ልትነሣ ሦስት ቀን ሲቀራት ዘመዶቿ ስንቅ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አክስቷ ሁለት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ አመጣች፤ የአጎቷ ሚስት በርበሬና ሽሮ፥ ጎረቤታችን ቆሎና ድርቆሽ፥ ሌላው ዘመድ ደግሞ ሦስት ኪሎ ጥሬ ቡና አመጡ። እናቴም በበኩሏ ጋቢ ጨመረች። በዚያ አገር ጊዜው የሙቀት ነው ብዬ ብነግራት «የፈረንጅ አገር በታኅሣሥ በረዶ ነው፥ ልጄ በስልክ ነግራኛለች» ብላ ረታችኝ። ሻንጣውን በሚዛን ብናወጣው 31 ኪሎ ሆነ፤ የሚፈቀደው ግን 23 ነው። የሚያስገርመውም ከዚያ ሁሉ ክብደት ልጅቱ ራሷ ያስገባችው ዘጠኝ ኪሎ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው፤ ረዥም እጅጌ ያላቸው ስስ ሸሚዞች፥ ሰፊ ባርኔጣ፥ የሥራ ጓንት፥ ሁለት ሱሪ፥ ጥቂት መድኀኒት፥ የእጅ መብራት። በእኛ አገር ዘመድ ሲሰበሰብ ጓዙ ይታሰባል፥ መንገደኛው ይረሳል።

ከዕቃዎቿ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ጫማዋ ነበር። በእሑድ ቀን ከአጎቷ ልጆች ጋር እንጦጦ ወጥታ ስለ ነበር የቦት ጫማዋ ሶል ጭቃና ሣር ይዟል። አውስትራልያ በባሕር የተከበበች በመሆኗ ሌላውን ዓለም ከሚያጠቃው የከብትና የእህል በሽታ ከብዙው ተጠብቃ የኖረች አገር ናት፤ ስለዚህ በጫማ ሥር የተጣበቀ አፈር እንኳ እንዲገባባት አትፈቅድም። ጫማውን ወደ ጓሮ ወስጄ በብሩሽና በሳሙና ውሃ አጠብሁት፤ ከሶሉ ቦይ ውስጥ የገባውን ጭቃ በምስማር እየፈለቀቅሁ አወጣሁት። ስፈለቅቅም አንዲት የባሕር ዛፍ ፍሬ ወደቀችና ብቻዬን ሳቅሁ። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ዛፍ የትውልድ አገሩ ያው ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራልያ ነው፤ ወደ እኛ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፥ ከባሕር ማዶ መምጣቱንም ስሙ ይናገራል። ያን ጊዜ «ከአንተ ጋር ያልተጻፈ ነገር አለ?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ ይኸውና እንጦጦን ወርሶ ተቀመጠ። የእኅቴ ልጅ ግን ያችን ፍሬ ሳታውቅ ወደ ትውልድ አገሯ ብትመልሳት ኖሮ በመግቢያው በር ላይ በተያዘች ነበር።

በዚያው ምሽት ልጅቱ ከአውሮፕላን ከመውረዷ በፊት የምትሞላውን የመግቢያ ካርድ አምሳያ በስልኳ አሳየችን። ሥጋ፥ ወተትና የወተት ውጤት፥ እህል፥ ዘር፥ ከእንጨትና ከገለባ የተሠራ ዕቃ፥ አፈር የነካው ነገር ይዘዋል ወይ? እያለ ይጠይቃል። መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ነው፤ ከታችም ፊርማ አለበት። «አዎ» ብሎ የጻፈ ሰው ዕቃው ይታያል፤ የሚያልፈው ያልፋል፥ የማያልፈው ይቀራል፥ እርሱ ግን አይቀጣም። «የለም» ብሎ የተገኘበት ሰው ግን ብዙ ገንዘብ ይቀጣል፥ ቪዛውም ሊሰረዝ ይችላል። ጥሬ ቡና አይገባም። አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ካለበት አገር የመጣ ቅቤም አይገባም፤ ይህ በሽታ ደግሞ በአገራችን አለ።

አክስቷ ግን አስቀድማ ቅቤውን በላስቲክ ጠቅልላ በጋቢው መካከል ሸሽጋው ኖሯል። «ማን ያየዋል? የለም በያቸውና እለፊ» አለቻት። የተቀሩትም ሳቁ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «አጎቴ፥ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ ማሰብ አያስፈልገውም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን አንደበቴ ተያዘ፤ ከዚህ ቀደም በአንዲት ልጅ ሻንጣ ላይ ምን ብዬ እንደ ፈረምሁ አስታውሼ ነውና።

በ1999 ዓ.ም. በማስተምርበት ትምህርት ቤት በስምንተኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ዕድሜዋ 16 ነበር፤ ይህንንም በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት እኔው ራሴ ነኝ። አባቷ ሞቶ እናቷ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ሦስት ልጆች ታሳድግ ነበር። አንድ ደላላ መጥቶ ልጅቱን ወደ ቤይሩት እልካታለሁ፥ በቤት ሠራተኛነት በወር መቶ ዶላር ታገኛለች ብሎ አግባባቸው። ለፓስፖርቱ የቀበሌ መታወቂያ አስፈለገ፤ ለመታወቂያው ደግሞ ዕድሜዋን የሚያውቅ የታመነ ሰው ምስክርነት ተጠየቀ። እናቷም ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፥ እርስዎ ካሉ ያምናሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው፥ እኔ ካልሁ ያምኑ ነበር፤ ጸሓፊውን ራሱን ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሞልቷታል ብዬ ፈረምሁ።

ለምን እንዳደረግሁት ብትጠይቁኝ፥ ብዙ ዘመን «አዝኜላቸው ነው» እያልሁ ለራሴ እመልስ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን «እምቢ» ለማለት ዐፍሬ ነው፤ ደግ መምህር መባልንም ወድጄ ነው። ከዚያም አልፌ ከመርካቶ አንድ ጥቁር ቦርሳ ገዛሁላት፤ ጓዟንም በሚስዮኑ ሥርዐት በወረቀት እየጻፍሁ አሰናዳሁላት። ሁለት ቀሚስ፥ አንድ ነጠላ፥ አንድ ሹራብ፥ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፥ ጥቂት በርበሬ። ወረቀቱ የተሟላ ነበር። ፓስፖርቷ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፥ ውሉ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ፥ ብትታመም ወይም ደመወዟን ቢከለክሏት ማንን እንደምትጠራ ግን አንድ መስመር አልጻፍሁም። የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር እንኳ በቃሏ አላስጠናኋትም፤ የማባዣ ሠንጠረዥን ያስጠናኋት እኔ!

በዚያ አገር «ከፋላ» በሚባለው ሥርዐት የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ወደ ሌላ ቤት መዛወር አትችልም፤ ከቤቱ ወጥታ ብትሄድም እንደ ሕገ ወጥ ትቈጠራለች። ፓስፖርቷን በደረሰች ቀን እመቤቷ ተቀብላ ቆለፈችበት። ሦስት ዓመት ቆይታ፥ የአሥራ አራት ወር ደመወዟን ሳትቀበል፥ በ2002 ዓ.ም. ተመለሰች። ይዛው የመጣችው ቦርሳ ያው እኔ የገዛሁላት ነበር። ከዚያም ትምህርቷን ልትቀጥል ብትጠይቅ በመታወቂያዋ 23 ዓመት ሆና ተገኘች፤ በቀን ክፍል ከልጆች ጋር አትማሪም ተባለች። ያን ጊዜ ወደ ቤቴ መጣች። አልተቆጣችም፥ አላለቀሰችም። በደጃፉ ላይ ቆማ «ጋሼ፥ የጨመሩብኝን አራት ዓመት መቼ ልኑረው?» አለችኝ። የመለስሁላት ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ እኔም ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ከዚያ በላይ ሳንነጋገር አሥራ አምስት ዓመት ሆነን።

ይህን ሁሉ ለቤተ ሰቤ ተናግሬ አላውቅም ነበር። በዚያ ምሽት ግን ቅቤው በጋቢው ውስጥ እንዳለ፥ ልጅቱም ፊት ፊቴን እያየችኝ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርሁ። ስጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ብቻ «ያች ከታች መንገድ ሻይ ቤት ያላት ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን፥ እርሷ ናት አልኋት። አክስቷ ተነሥታ ጋቢውን ፈታች፥ ቅቤዋን አወጣች፥ ሳትሰናበተኝም ሄደች፤ እስከ ገና ድረስ አኩርፋኝ ነበር። አልፈርድባትም፤ ሁለት ኪሎ ቅቤ አንጥሮ ያመጣን ዘመድ ከእንዲህ ያለ ታሪክ ጋር ማዳበል ደስ አያሰኝም።

የእኅቴ ልጅ ግን ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «አጎቴ፥ ታዲያ ስለ ጓዝ ልትነግረኝ የሚገባት እርሷ አይደለችም?» አለችኝ። ለንደን ያደገ ልጅ አንዳንድ ጊዜ እኛ ዐፍረን የምናልፈውን ነገር ቀጥታ ይናገራል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሻይ ቤቱ ሄድሁ። ከደጃፉ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር። ልጅቱ (እኔ ዛሬም ልጅ እላታለሁ እንጂ የልጅ እናት ናት) ለሠራተኞች ሻይ ትቀዳ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኋት። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ጥቂት አየችኝና «ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፤ አሁን ሥራ አለብኝ» አለች።

በዘጠኝ ሰዓት መጣች። እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀቻት። ሻንጣው በወለሉ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ እርሷ ግን ልብሱንም ስንቁንም አላየችም። መጀመሪያ የጠየቀችው «ፓስፖርትሽ የት ነው?» ብላ ነው። ልጅቱ በቦርሳዋ የጎን ኪስ እንዳለ ብትነግራት «አውጪው» አለችና መርፌና ክር ጠየቀች፤ ሱሪዋንም ተቀብላ በውስጡ ኪስ ሰፋችበት። እየሰፋችም ትናገር ነበር። «ቅጂውን አንዱን ለእናትሽ፥ አንዱን ለእማማ ስጪ፥ አንዱን ከፓስፖርቱ ለይተሽ ያዢ። ማንም ሰው ላስቀምጥልሽ ቢል እምቢ በይ፤ ደግ ሰው ቢሆንም እምቢ በይ። የመመለሻሽን ገንዘብ ከሌላው ለይው፤ የት እንዳለ ጓደኛሽም አትወቅ። መመለስ የምትችል ሰው ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ነው» አለቻት። ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም፤ እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያም «ስልክሽ ቢጠፋ ወይም ቢወሰድብሽ ለማን ትደውያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ የእናቷን ቁጥር እንኳ በቃሏ አታውቅም ነበር፤ ሁሉም በስልኩ ውስጥ ነው። ይህ የዛሬ ዘመን ድንቁርና ነው፥ እኔም አለብኝ። እናቴ መቍጠሪያዋን አስቀምጣ ሦስቱን ቁጥሮች እንደ ዳዊት እያስደገመች አስጠናቻት፤ በእራት ላይም ደግማ ጠየቀቻት።

በመጨረሻ አንድ ደብተር እንድትይዝ ነገረቻት። «በየማታው ከመተኛትሽ በፊት ስንት ሰዓት እንደ ሠራሽ፥ ለማን እንደ ሠራሽ፥ ምን እንደ ከፈሉሽ ጻፊ። እኔ አልጻፍሁም ነበር። ስመለስ ስንት ይቀርሻል ብለው ሲጠይቁኝ ‹ብዙ› ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም፤ የአሥራ አራቱን ወር ቍጥር ራሱ በጣቴ እየቈጠርሁ ነው ያገኘሁት» አለች።

የእኅቴ ልጅም በትሕትና፥ እርሷ በምትሄድበት አገር አሠሪ ፓስፖርት ሊይዝ እንደማይችል፥ ሥራውም ካልተስማማት ትታ ወደ ሌላው መሄድ እንደምትችል ነገረቻት። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያም አገር በፍሬ እርሻዎች ላይ የወጣት መንገደኞችን ጉልበት የሚበሉ አቀጣሪዎች አልጠፉም። ከዚህ ቀደም በለቀሙት ልክ ብቻ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ደክመው እጅግ ጥቂት ይዘው የሚገቡበት ጊዜ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ግን የለቀሙት ቢያንስም በሰዓት ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች እንዳይከፈላቸው ተደንግጓል። ይህን የሚቈጣጠርና አቤቱታ የሚቀበል «ፌር ወርክ» የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። የማደሪያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር በኲንስላንድ፥ ቺልደርስ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ፍሬ ለቃሚ ወጣቶች የሚያድሩበት ቤት ተቃጥሎ 15 ወጣቶች ሞተዋል። ስለዚህ በማናቸውም ማደሪያ ስትገባ ከአልጋዋ በፊት መውጫ በሩን እንድታይ እኔ ነገርኋት። በዚያ ቀን የሰጠኋት ምክር ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ሰምታ «ሕግ መኖሩ ደግ ነው። ሕጉን የምትጠሪበትን ቍጥር ግን ከደብተርሽ ሽፋን ላይ ጻፊው» አለች።

እኔ ሁለቱን ጐን ለጐን ተቀምጠው እያየሁ አንድ ነገር አሰብሁ። ሁለቱም ሠርተው ገንዘብ ሊያገኙ ባሕር የሚሻገሩ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። የአንዲቱ መንገድ «ዕረፍት» ተባለ፥ የሌላዪቱ «ግርድና» ተባለ። ልዩነቱ በብልኀት አይደለም፤ በዚህስ ቢሆን ሻይ የምትሸጠው ትበልጣለች። ልዩነቱ አንዲቱ «አልፈልግም» ብላ የምትወጣበት ወረቀት በኪሷ መኖሩ ነው። ለሁለተኛዋ ያንን ወረቀት የጻፍሁላት እኔ ነበርሁ፤ በሐሰት ጻፍሁት።

ሻንጣው እንደ ገና ታሰረ። ጥሬው ቡና ወጣ፤ በምትኩ ተቆልቶና ተፈጭቶ የታሸገ ገባ። በከረጢት የነበረው በርበሬና ሽሮ ወጥቶ በሱቅ ታሽጎ ስሙ የተጻፈበት ገባ፤ ይህም «አዎ» ተብሎ ሊጻፍ ነው። ቆሎውንና ድርቆሹን እኛው በላነው። ጋቢው ግን ሄደ፥ በዚህ እናቴን ያሸነፋት የለም። ሚዛኑ 21 ኪሎ ተኩል አለ።

ሴትዮዋን እስከ ውጭ በር ሸኘኋት። በሩ ላይ ቆመች፤ ያን ጊዜ የቆመችበት ስፍራ ነው። «ጋሼ፥ ለቤተ ሰብዎ የነገሩትን ለመንግሥትም ይነግሩልኛል?» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቱ በትምህርት ቤት ስለ ቤተ ሰቧ ጻፊ ተብላ የእናቷን ዕድሜ ጠየቀቻት። «34 ነኝ አልኋት። መታወቂያዬን አንሥታ አየችና ‹እዚህ ላይ 38 ይላል፤ የቱን ልጻፍ?› አለችኝ። ልጄን ምን ልበላት?» አለችኝ። እኔም እሺ አልኋት። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ይህን ከማንም ይልቅ እኔ አውቃለሁ፥ እርሷም ታውቃለች፤ ስለዚህ አላመሰገነችኝም።

የእኅቴ ልጅ ከሜልቦርን ጻፈችልን። ካርዱ ላይ «አዎ» ብላ ጽፋ በቀዩ መስመር አለፈች፤ ሹሙ በርበሬውን አገላብጦ አይቶ አሳለፈላት፥ ጫማዋንም ገልብጦ አየና «ማን አጠበልሽ?» ብሎ ጠየቃት። ከታዝማኒያም በታኅሣሥ መጨረሻ የደብተሯን አንድ ገጽ ፎቶግራፍ ላከች፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የአሠሪው ስም፥ ክፍያው በጥሩ ጽሕፈት ሰፍሯል። በግርጌውም ሌሊቱ እንደሚቀዘቅዝና ጋቢውን እንደምትደርብ ጽፋለች። እናቴ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ አስነበበች። እኔ ደግሞ ፎቶግራፉን ወደ ሻይ ቤቱ ወስጄ አሳየሁ። ሴትዮዋ ሰዓቱን በጣቷ እየተከተለች ደመረችው፤ ልክ ሆኖ ሲገኝ ራሷን ነቀነቀች።

በመዝገብ የተጻፈን ዕድሜ ለማስተካከል የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። አንድ የሕግ ዕውቀት ያለው ወዳጄ «በሐሰት መስክረሃል ተብለህ አንተው ትጠየቅ ይሆናል፤ ዕድሜህ ገፍቷል፥ የረጋውን ነገር ለምን ታነቃንቀዋለህ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቴ ሄጄ የ1999 ዓ.ም.ን መዝገብ እንዲያስፈልጉልኝ ለመንሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተገኘ። አቧራውን ጠርጌ ገጹን ገለጥሁ። ስሟ በተራ ቍጥር 27 ላይ ነው፤ ከጎኑም በእጄ ጽሕፈት 16 ይላል።

ቀጠሮው በሚመጣው ሰኞ በሦስት ሰዓት ነው። ወረቀቶቹን በአንድ ፖስታ ውስጥ ከትቼ በጠረጴዛዬ ላይ አኑሬያቸዋለሁ፤ በፖስታውም ላይ በውስጡ ያለውን እንደ ልማዴ ጽፌበታለሁ፤ ከመዝገቡ የተገለበጠ አንድ ገጽ፥ ማመልከቻ፥ የእኔ ቃል በሁለት ገጽ፥ መታወቂያ።